ያን ቀን የጮኽኩት እኔ አልነበርኩም

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ላይ ፖሊስ መጣብን።

ነገሩ የሆነው ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ፣ ጌታነህ የሚኖርበት አፓርትመንት ውስጥ ነው። ጌታነህ አገር ቤት ሳለ ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም በአማርኛ እየተረጎመ ያሳይ ነበር። እዚህ ታክሲ ይነዳል። የድሮ ሱሱ ግን አልለቀቀውም፤ በእረፍት ቀኑ የህንድ ፊልም ላይ የአማርኛ ድምፅ ቀድቶ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። እኔ ሜስኪት ከተማ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ አዛውንት አጣቢና አልባሽ ነበርኩ። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራውን በነገር ስወጋው ሰማኝና፣ "ወርቅነሽ፣ ይህን ጉሮሮ ይዘሽ ዳይፐር ስትቀይሪ ልትኖሪ ነው?" አለኝ። ስድብም ውዳሴም መሰለኝ፤ እሺ አልኩት።

ስቱዲዮ ያለኝ ክሎዜቱን፣ የልብስ ማስቀመጫ ጓዳውን ኖሯል። ልብሱን አውጥቶ ግድግዳውን በብርድ ልብስና በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖታል። ማይክ አለ፤ ከማይኩ ፊት የሴት ስቶኪንግ በሽቦ ቀለበት ላይ ተወጥሮ ትንፋሽ ይከለክላል። ላፕቶፕ፣ ሁለት ሄድፎን፣ በእጅ የተጻፈ ትርጉም። በቃ ይኸው ነው።

"ለመጀመሪያሽ ቀላል ነው የምሰጥሽ" አለኝ። "የገበሬ ልጅ ናት። የባለ ርስቱ ልጅ ወንዝ ዳር ያገኛታል። ትጮኺያለሽ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጉድጓድ ውስጥ ራሷን ትጥላለች። ወንድሟ ከከተማ መጥቶ ይበቀልላታል። ያንቺ ሥራ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።"

"ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ድረሱልኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ጌታነህን አልጣመውም፣ እንደገና አለኝ። እንደገና ጮኽኩ። አሁንም እንደገና ስንል በሩ ተደበደበ። ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ጌታነህ ሄድፎኑ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቀረ። አንደኛው ፖሊስ ከእሱ ለየኝና ውጭ ኮሪደሩ ላይ አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ "ማም፣ ደህና ነሽ? የሚያስፈራሽ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ፊልሙን አሳየናቸው፤ እነሱም ፈገግ ብለው ሄዱ።

ጌታነህ ግን አልሳቀም። የአፓርትመንቱ ሊዝ፣ የኪራይ ውሉ፣ ቤት ውስጥ ቢዝነስ አይፈቅድም። ፊልሞቹንም ባለቤቶቻቸውን ሳያስፈቅድ ነው የሚሠራው። በማግሥቱ ድፎ ዳቦ አስጋግሮ፣ ቆራርሶ፣ እኔን አስከትሎ በር ለበር ዞረ። "የፊልም ሥራ ነው፣ ሴት ስትጮህ ብትሰሙ አትደንግጡ" ነው ነገሩ። አገራችን ሰው ሲደግስ ጎረቤቱን አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ የለ? እንደዚያ ነው የታየን። ታች ቤት የሚኖሩት እማማ ዘነበች መረቁን። ፊት ለፊት ያሉት በርማዊ ሽማግሌ እንግሊዝኛውም አማርኛውም አልገባቸው ሲል፣ አፌን በሰፊው ከፍቼ ወደ ስልኬ ፊልም ጠቆምኩላቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እኛ ላይ ፖሊስ ኮል ያደረገ ሰው የለም። በዘዴያችን ኮርተን ነበር።

ስለ ሥራው ልንገራችሁ። ጥሩ ፊልም ሙዚቃው ለብቻ፣ ንግግሩ ለብቻ ተለይቶ ይመጣል። እኛ እጅ የሚገባው ግን ሁሉም የተቀላቀለ ነው። የተዋናይዋን ንግግር ስናጠፋ ጩኸቷም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጩኸት እንደ አዲስ መጮኽ አለብኝ። ስንቀዳ ስፒከር አይከፈትም፤ የፊልሙ ድምፅ በሄድፎን ብቻ ነው የሚሰማን፣ አለዚያ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ግድግዳውን አልፎ ጎረቤት የሚደርሰው የእኛ የሰዎቹ ድምፅ ብቻ ነበር። ይህን ነገር ልብ በሉት።

ሴቶቹ ሁሉ እኔ ነኝ፦ ሙሽራዋ፣ እናትየዋ፣ አያትየዋ፣ ሴት ፖሊሷ። ወንዶቹ ሁሉ ጌታነህ ነው። አባትየው እሱ፣ ወንድምየው እሱ፣ ደፋሪው እሱ፣ ዳኛውም እሱ። ለደፋሪው ድምፁን ከአፍንጫው ያወጣዋል፣ ለዳኛው ከሆዱ። አንድ ቀን "ራስህ ደፍረህ ራስህ ልትፈርድ ነው?" ብለው ሳቀና፣ "ምን ላድርግ፣ የሰው እጥረት ነው" አለኝ።

ዓመት ዓመትን እየወለደ ሲሄድ ፊልሞቹን በሆዴ መመደብ ጀመርኩ። በድሮዎቹ ዝናብ ይዘንባል፣ ልብስ ይቀደዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ልጅቷ ከጩኸቱ በኋላ አንድም ቃል አትናገርም። ወይ ጉድጓድ፣ ወይ እሳት፣ ወይ ከጣራው ማራገቢያ ጋር የታሰረ ልብስ። የቀረው የወንድሟ ፊልም ነው። በቅርቦቹ ደግሞ ፍርድ ቤት አለ፣ ሻማ ይዘው የሚሰለፉ ተማሪዎች አሉ። ተመስገን፣ ይቺኛዋ ልትናገር ነው ስል፣ ጠበቃው ተነሥቶ እየጮኸ እሱ ይናገርላታል። እሷ እንባዋን ታፈሳለች። ለእኔ የሚደርሰኝ ሳግ ነው። ሳግ ደግሞ ከጩኸት ይከብዳል፣ ጉሮሮ ይልጣል።

ካሜራውም የራሱ ነገር ነበረው። ገና ሲጀምር ከሰውዬው ትከሻ በላይ ሆኖ እሷን ያያታል፤ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ የተቀደደ ልብሷን። የድምፅ ሠራተኛ ግን ሌላ ቦታ ማየት አይችልም፣ ከከንፈሯ ጋር መግጠም አለበት። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ያየሁት አፏን ብቻ ነው። አፏን ብቻ ስታዩ ፊልሙ ደስ አይልም፤ በጭራሽ።

ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ሱሳማ የምትባል ነርስ አለች፣ የህንድ፣ የኬራላ ሰው፣ አለቃዬ ናት። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት እኛ የቀዳነውን በእሷ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ስልኬ ላይ አየች። የተደፈረችው ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጣ የምትናገርበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ "ይህን ነው እንዴ ያልሽው? ምን ማለት ነው?" አለችኝ። ተረጎምኩላት። እኔ በአማርኛ ያልኩት "ከእንግዲህ ምን ፊቴን ይዤ ከሰው እቆማለሁ? ብሞት ይሻለኛል" ነው።

ሱሳማ ራሷን ነቀነቀች። "እንዲህ አላለችም። 'ስሙን ጻፉ። እኔ እንደነገርኳችሁ ጻፉ፣ እናንተ አታሳምሩት' ነው ያለችው። ይህ ፊልም እኛ ዘንድ የታወቀው በዚህ ቃል እኮ ነው።"

ጌታነህን ስጠይቀው አላፈረም። "የኛ ሰው እንዲህ ያለች ደረቅ ሴት አይወድም። ማልቀስ አለባት፣ እንዲያዝንላት። እኔ ቪዲዮ ቤት ሃያ ጊዜ ፊልም ቀይሬ ሕዝብ ሲያለቅስ አይቻለሁ።"

"ያላለችውን ነው እኮ በእኔ አፍ ያስባልካት!"

"ወርቅነሽ፣ ፊልም ነው፤ አታካብጂው።"

ተኮራርፈን ሰነበትን። ፊልሙ ግን እንደተለቀቀ ቀረ፣ ሰውም እንደ ጉድ አየው።

ካዩት ውስጥ አንዷ ሰናይት ነበረች። ሰናይት የክሎዜታችንን ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ በዲቪ የመጣች፣ ኤርፖርት አውሮፕላን የምታጸዳ፣ ሳቂታ ልጅ። መንገድ ላይ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። "እትዬ ወርቄ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ ሥራ ቦታ አለቅሳለሁ" ትለኝ ነበር። መኪና የላትም። የሚያውቃት አንድ ትልቅ ሰው፣ ባለትዳር፣ በማኅበር የሚከበር፣ ሥራ የሚያደርሳት እሱ ነው። ዳላስ ውስጥ መኪና የሌለው ሰው በሰው እጅ ነው ያለው።

አንድ ሐሙስ ከሥራ በፊት ጌታነህ ጋ ለቅጂ ስመጣ እማማ ዘነበችን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ትናንትናማ ነፍሴን ነው ያወጣሽው!" አሉኝ እየሳቁ። "'የሰው ያለህ' ስትዪ ብድግ ብዬ ነበር። ኋላ ፊልሟ ናት ብዬ ተቀመጥኩ። ከመቼውም አሳምረሽዋል።"

"ትናንት?" አልኳቸው። "እማማ፣ እኔ እኮ ትናንት ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ።"

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። ሁለታችንም አንገታችንን ቀና አድርገን ወደ ላይኛው ፎቅ ተመለከትን። በዚያ ግድግዳ ዙሪያ አማርኛ የምትናገር ሴት ከእኔ ሌላ አንዲት ብቻ ናት ያለችው። እማማ፣ "ወይኔ ልጄን፣ ወይኔ" እያሉ ያን የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ከእኔ ቀድመው ደረጃውን ወጡ።

ብዙ አንኳኳን። በመጨረሻ ሰንሰለቱን ሳትፈታ በጥቂቱ ከፈተችልን። ፊቷን አልገልጸውም። እማማን ስታይ ሰንሰለቱን ፈታችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማን እንደሆነ ሳንጠይቃት ነገረችን፤ ሥራ የሚያደርሳት ሰው ነው።

"ጮኽኩ እኮ፣ እትዬ ወርቄ" አለችኝ። "ሰው ይመጣል ብዬ ነበር። አንቺ መሰልኳቸው አይደል?"

እማማ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ፖሊስ እንጥራ ስላት እምቢ አለች። "ያቺ የፊልሟ ልጅ እንዳለችው ነው፤ ከእንግዲህ ምን ፊቴን ይዤ ከሰው እቆማለሁ?" አለች። ቃል በቃል ደገመችው። ሳጉን እንኳ እኔ ባስቀመጥኩበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ሰው የራሱን ድምፅ እንዲህ ባለ ቦታ ከመስማት ያውጣው።

"እንዲህ አላለችም" አልኳት። "እኛ ነን የቀየርነው። 'ስሙን ጻፉ፣ እኔ እንደነገርኳችሁ ጻፉ' ነው ያለችው።"

"ታዲያ ለምን ቀየራችሁት?" አለችኝ።

ሱሳማ ጋ ኮል አደረግኩ። እሷም በስልክ፣ "እንዳትታጠብ። የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት አድርጉት፣ በላስቲክ እንዳይሆን። ሆስፒታል ውሰዷት፣ ያንቺን ሺፍት እኔ እሸፍናለሁ" አለችኝ። ሄድን። የፖሊስ መርማሪዋ ስትመጣ ሰናይት እጄን ይዛ፣ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ተናገረች።

ከዚያ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ወጉ አንድ ነው። ሰውየው ተያዘ፣ ወዲያው በዋስ ወጣ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ክራቫት አስረው፣ ጌታነህን አስቀድመው እኔ ቤት መጡ።

"እኅታችን፣ ሰውየው ልጆች አሉት። ልጅቷም ገና ናት፣ ስሟ ይጠፋል። ነገሩ በሽምግልና ይለቅ፣ ገመናችንን ፈረንጅ ፊት አናውጣ" አሉ አንደኛው።

"በዳይ ቤት ሄዳችሁ ነበር? ወይስ መጀመሪያ የመጣችሁት ወደ ምስክር ነው?" አልኳቸው።

ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። እነሱ ከወጡ በኋላ ጌታነህ ቀረ። የሰውየው ጠበቃ የያዘውን ክርክር የነገረኝ እሱ ነው። ሰውየው "በፈቃዷ ነው፣ አልጮኸችም" ብሏል። እማማ ጩኸት ሰማሁ ቢሉም፣ የሰሙት የፊልም ሥራችንን ነው ይባላል።

"አንቺን የሚጠይቁሽ ያን ቀን ቀድታችኋል ወይ ነው" አለኝ። "'አላስታውስም' በይ። ስቱዲዮ ምናምን ስትዪ ሊዙ ይነሣል፣ ፊልሞቹ ይነሣሉ፤ እኔን ከቤቴ ታስወጪኛለሽ። ስንት ዓመት አብረን ሠርተን!"

"ጌታነህ፣ በዚያ ክሎዜት ውስጥ የምትጮህ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ አላስታውስም ካልኩ የሷ ጩኸት የፊልም ሆኖ ይቀራል።"

"እሱን እግዜር ያውቃል።"

"እግዜርን አይጠሩትም ለምስክርነት፤ የተጠራሁት እኔ ነኝ።"

በሩን ወርውሮት ወጣ።

የፍርዱ ቀን እስኪደርስ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰናይት ፎርት ዎርዝ ሄዳ መጋዘን ሥራ ገባች። ተበድራ አሮጌ መኪና ገዛች፤ ከሰው መኪና ገብታ አታውቅም ከዚያ ወዲህ።

እኔ በሥራዬ ስንት ችሎት ቆሜአለሁ! ዳኛ መዶሻ ሲመታ፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብ፣ እናት ራሷን ስትስት። የዳላሱ ፍርድ ቤት ግን ጸጥ ያለ ነው፣ እንደ ባንክ። ምስክር የሌላውን ቃል መስማት የለበትም ተብሎ፣ እኔና እማማ ውጭ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሰናይት ስትገባ አየናት። ወፍራም በር ተዘጋ። ጆሮዬን ባቀና ምንም አይሰማም። ለስንት የፊልም ሴት አፍ ሆኜ፣ እውነተኛዋ ስትናገር አንድ ቃል ሳልሰማ ቀረሁ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ያን ቀን ሥራ ላይ እንደነበርኩ፣ ከእኔ ሌላ ሴት እንደማትቀዳ፣ ስፒከር እንደማንከፍት ተናገርኩ። የሰውየው ጠበቃ ጨዋ ነው፣ አልተቆጣኝም።

"ጎረቤቶችሽ ያንቺን ጩኸት ከእውነተኛ ጩኸት መለየት ይችላሉ?"

"አይችሉም።"

"ለምን?"

"አስለምደናቸዋል።"

"ስለዚህ ወይዘሮ ዘነበች የሰሙት ምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም ማለት ነው?"

አስተርጓሚዋ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። "የሰሙት ሴት ስትጮህ ነው" አልኩ። "እኔ አልነበርኩም።" አመሰገነኝና ተቀመጠ። ያሸነፍኩም የተሸነፍኩም አልመሰለኝም። እማማ ቀጥለው ገቡ። ሲወጡ፣ "ለምን አልወጣሽም ነበር አለኝ። የነሱን ዳቦ በልቼ ነበር አልኩት" አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም፣ እኔም አላነሣሁባቸውም።

ፍርድ የሚባለውን ነገር አልሰማንም። ጁሪው ሳይፈርድ ሰውየው ተደራደረና ቀለል ባለ ጥፋት ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዓቃቤ ሕጓ ጥሩ ውጤት ነው አለችን። የታሰረው ሰናይት ካሰበችው ባነሰ ነው። ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመን፣ "ሶ፣ አለቀ ማለት ነው?" አለችኝ። አለቀ አልኳት። "ስሙን ግን ጽፈውታል" አለችና መኪናዋን አስነሣች።

ጌታነህ እንደፈራው ከአፓርትመንቱ ወጣ። ብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም። ባለፈው ዓመት ግን ሜስኪት አንድ ዱፕሌክስ፣ ግድግዳ የሚጋራ መንታ ቤት፣ ተከራይቶ፣ ክሎዜት አዘጋጅቶ፣ ደወለልኝ። "ያንን ፊልም ላስተካክለው ነው። 'ስሙን ጻፉ' የሚለውን ነይና ቅጂ" አለኝ። ይቅርታ አላለም፤ እሱ እንዲህ ነው። ሄድኩለት።

ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ አየሁ። ለጎረቤት ሊያዞር ኖሯል።

"አንድም ሰው ቤት አትወስዳትም" አልኩት።

"ፖሊስ ይመጣብናላ!"

"ይምጣ።"

ከፖሊስ ጣቢያው በፊት ያለውን ጩኸት ጀመርን። ሁለተኛው ላይ፣ ጥሩ ይዤው ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ግድግዳ የሚጋራን ሜክሲኳዊ አናጢ ነው፣ መዶሻውን እንደያዘ ሮጦ የመጣ። ጌታነህን አልፎ እኔን አየኝና፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ "ሴኞራ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። የዚህን ጊዜ አልሳቅኩም፤ አለቀስኩ። ማልቀሴን ሲያይ ሰውዬው ጌታነህ ላይ አፍጥጦ አልሄድም አለ፤ ፊልሙን አሳይቼ፣ ዳቦውን ጠቅልዬ አስይዤ በስንት መከራ መለስኩት።

ጌታነህ ራሱን ይዞ፣ "ምን የመሰለ ቅጂ ተበላሸብን!" አለ።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ብቻ ነው። ጎረቤታችሁን "አትስሙን" አትበሉት፤ ይስማችሁ፣ መጥቶም ያንኳኳ። የተበላሸ ቅጂ ይደገማል። እኛም ደገምነው።